ባለ ሦስት ጣቱ ብራውንና የመኖ መክተፊያው ማሽን

በስፖርቱ ዓለም በፍጥነታቸው፣ በጉልበታቸው ወይም በቁመታቸው ስም ያተረፉ ሰዎች ሞልተዋል። ጣቱ በመቆረጡ ስም ያተረፈ ሰው ግን እንደ ልብ አይገኝም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ስሙ ሞርዴካይ ብራውን ይባላል፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተጫወተ አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። በዚህ ስሙ ብቻ ብትጠሩት ግን አሜሪካኖቹ ራሳቸው ቶሎ ላያስታውሱት ይችላሉ። «ባለ ሦስት ጣቱ ብራውን» ስትሉ ነው ነገሩ የሚገባቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ቤዝቦል እኛ አገር ብዙም የሚታወቅ ጨዋታ ስላልሆነ ገጹን ገልጣችሁ ልታልፉት ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። እባካችሁ ትንሽ ታገሱኝ። እኔን ወደዚህ ሰው የሳበኝ ጨዋታው ሳይሆን እጁ ነው። ያ እጅ እንዴት እንደዚያ እንደሆነና ነገሩ በየጋዜጣው እንዴት እንደተወራ ነው ያሳሰበኝ። የብራውን ታሪክ በተጻፈበት ሁሉ ማሽኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፍና ወዲያው ወደ ድሉ ይኬዳል። እኔ ግን ማሽኑ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

ሞርዴካይ የተወለደው ኦክቶበር 19 ቀን 1876 ኢንዲያና በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ናይስቪል በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ነው። ሙሉ ስሙ ሞርዴካይ ፒተር ሴንቴኒያል ብራውን ነው። ሞርዴካይ ያው እኛ መርዶክዮስ የምንለው፣ አስቴርን ያሳደጋት ሰው ስም ነው። ሴንቴኒያል ደግሞ መቶኛ ዓመት ማለት ሲሆን፣ ልጁ የተወለደው አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበትን መቶኛ ዓመት በምታከብርበት ዓመት ስለነበር ተጨመረለት። እኛስ አገር ቢሆን በጥጋብ ዘመን የተወለደው ጥጋቡ፣ በድል ዘመን የተወለደው ድሉ ይባል የለ!

በዚያን ጊዜ የገበሬ ልጅ መሥራት የሚጀምረው ቆሞ መሄድ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእኛ የገጠር ልጅ ጥጃ እንደሚጠብቅ፣ እንጨት እንደሚለቅም፣ ውኃ እንደሚቀዳ ሁሉ እዚያም ልጅ ከብት ይመግባል፣ እንቁላል ይሰበስባል፣ ታላላቆቹን ያግዛል። ልዩነቱ ማሽን መኖሩ ነው። ያ ዘመን ወደ አሜሪካ እርሻ ማሽን እንደ ጎርፍ የገባበት ዘመን ነበር። ማጨጃው፣ መውቂያው፣ በቆሎ መፈልፈያው፣ መኖ መክተፊያው በየገበሬው ጎተራ መቆም ጀመረ። ሥራ ያቃልላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ስለታቸው፣ ጥርሳቸውና ቀበቷቸው ያለ መሸፈኛ ፊት ለፊት የሚሽከረከር ነበር። ሽፋን ማድረግ አለብህ ብሎ ሠሪውን የሚያስገድደው ሕግም አልነበረም።

የመኖ መክተፊያ አሠራሩ ቀላል ነው። የበቆሎ አገዳ ወይም ድርቆሽ ገንዳ መሰል እንጨት ላይ ይጋደምና በእጅ እየተገፋ ይገባል። በገንዳው ጫፍ ስለት የተገጠመለት መንኮራኩር አለ፤ በሰው እጅ፣ በፈረስ ወይም በእንፋሎት ጉልበት ይዞራል። በዞረ ቁጥር ከአገዳው ላይ ቁራሽ ቁራሽ እየቀነጠሰ ይጥላል። አገዳው ረጅም ሲሆን እጅ ከስለቱ ሩቅ ነው። አገዳው እያጠረ ሲመጣ ግን እጅም አብሮ እየቀረበ ይሄዳል። እንግዲህ የመጨረሻዋን ስንዝር አገዳ ለመግፋት የሚዘረጋውን እጅ አስቡት። ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ክንዱም ቁመቱም አጭር ስለሆነ ገንዳው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚገፋው። እግሩ ከተንሸራተተ መላ ሰውነቱ የሚሄደው ወደ ፊት ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ ስለቱ።

የትንሹ ሞርዴካይ እጅም የሄደው ወደዚያው ነው። ቤተሰቡን ሲያግዝ ተንሸራተተና ቀኝ እጁ ስለቱ ውስጥ ገባ። ዕድሜው አምስት ዓመት ነበር የሚሉ አሉ፤ የለም ሰባት ነበር የሚሉም አሉ። አምስትም ይሁን ሰባት ያው ሕፃን ነው። ጠቋሚ ጣቱ አብዛኛው ክፍሉ ተቆርጦ ጉቶ ብቻ ቀረ። የተቀሩት ጣቶች ደግሞ ተጎዱ። ሐኪም የቻለውን ያህል ሰፍቶ፣ አሽጎ ወደ ቤቱ መለሰው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እጁ ገና ሳይድን ሞርዴካይ ሌላ አደጋ ደረሰበት፤ ወደቀና የተረፉትን ጣቶች አጥንት ሰበረ። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው አደጋ የሚነገረውም የተለያየ ነው። አንዱ አሳማ ሲያባርር ነው ይላል፤ ሌላው ከጥንቸል ጋር ሲጫወት ነው ይላል። አሳማውም ጥንቸሉም ወሬውን ስለሚያጣፍጡት ሳይሆን አይቀርም እስካሁን የሚነገሩት። ለእጁ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ የተሰበሩት ጣቶች በትክክል ሳይገጥሙ እንደተጣመሙ ጠገኑ። በተለይ የመሃል ጣቱ ዕድሜ ልኩን ቀጥ ብሎ አያውቅም።

አጥንት ጠምሞ ሲገጥም ምን እንደሚሆን እኛ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ጎበዝ ወጌሻ እንዳለ ሁሉ፣ እጅን በሸምበቆ ጠፍሮ አስሮ ደም እንዳይዘዋወር የሚያደርግም አለ። በዚህ የተነሳ ስብራቱ ብቻ የነበረ ልጅ ሆስፒታል ሲደርስ እጁ ጠቁሮ ተቆርጦ የሚቀርበት ጊዜ እንዳለ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ከዚህ አንጻር ሞርዴካይ ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል። ማደንዘዣና ቁስልን ከተህዋስ የመጠበቅ ዘዴ ገና ወደ ገጠር እየገባ በነበረበት፣ ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ጭራሽ ባልተፈጠረበት ዘመን የተፈጨ እጅ ቁስሉ አመርቅዞ ሊገድለው ይችል ነበር።

እስኪ እጁን እንቁጠረው። አውራ ጣቱ ደህና ነው። ጠቋሚው ጉቶ ነው። የመሃሉ አለ፤ ግን ወደ ጎን ተጣሟል። የቀለበት ጣቱ አለ። ትንሿም አለች፤ ነገር ግን ጎብጣና ተጎድታ እንደ ልቧ አትታዘዝም። ታዲያ «ባለ ሦስት ጣት» ከየት መጣ? ሙሉ በሙሉ የሌለ ጣት እኮ የለም! አንዱ የለም ቢባል እንኳን አራት ይቀራሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ስሙ የወጣው በቆጠራ ሳይሆን በጆሮ ነው። «ባለ አራት ጣት ተኩል» ብሎ አርዕስት ላይ ማውጣት አይመችም፤ ሦስት ይጥማል። ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎች ይቺ ትንሽ ነገር አይደለችም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተጠራበት፣ ከሞተም በኋላ የሚጠራበት ስም ቁጥሩ ትክክል አይደለም። ማንም ግን ሊያርመው አልፈለገም።

ልጁ አደገ። ከሌሎች የመንደር ልጆች ጋር ሆኖ የጎተራው ግድግዳ ላይ ባሉት የእንጨት ዓይኖች እያነጣጠረ ድንጋይ መወርወር ያዘወትር ነበር። ጣቱ ሲቆረጥ ገና ሕፃን ስለነበር ደህና እጅ ይዞ መወርወርን ተምሮ አልረሳም፤ ከመጀመሪያውም በዚያው እጅ ነው የተማረው። ድንጋዩን የሚይዘው በተጣመመው መሃል ጣት፣ በጉቶውና በአውራ ጣቱ መሃል ነው። ማንም ያላስተማረው አያያዝ ነው።

ከዚያ ወደ ከሰል ማዕድን ወረደ። የምዕራብ ኢንዲያና ምድር ከሰል ያለበት በመሆኑ የገበሬ ልጅ ከእርሻ ሲወጣ ቅርቡ ሥራ ማዕድኑ ነበር። ከዚህም ሌላ ቅጽል ስም አወጡለት፤ «ማይነር» ማለትም ማዕድን ቆፋሪው አሉት። ይሄኛው ስም ቢያንስ እውነት ነው። የተጎዳ እጅ ይዞ አካፋና ዶማ መጨበጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት ከባድ አይደለም። ጠቋሚ ጣት ከአውራ ጣት ጋር ገጥሞ ትንሽ ነገር የሚያነሳ፣ ቁልፍ የሚቆልፍ፣ ክር የሚይዝ ጣት ነው። እሱ ሲጠፋ ሥራውን የመሃል ጣት ይረከባል። የብራውን የመሃል ጣት ደግሞ ራሱ ጠማማ ነው።

በትርፍ ሰዓቱ ለማዕድን ሠራተኞች ቡድን ቤዝቦል ይጫወት ነበር። እዚህ ላይ ስለ ጨዋታው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንድ ወርዋሪ አለ፤ ከእሱ 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ርቆ ዱላ የያዘ መቺ ይቆማል። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው ይመታል። ጨዋታው በሙሉ የተንጠለጠለው መቺው ሊመታት የማይችል ኳስ በመወርወር ላይ ነው። ኳሷ 145 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ በእጅ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ የወርዋሪ ሀብቱ ጣቶቹ ናቸው። ብራውን መጀመሪያ ላይ ወርዋሪ አልነበረም፤ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ቆሞ የተመታ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች ነበር። በ1898 አንድ ቀን የቡድኑ ወርዋሪ ሳይመጣ ቀረና በእሱ ቦታ እንዲወረውር አደረጉት። የተቃራኒው ቡድን መቺዎች ኳሱን ማግኘት አቃታቸው።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የእግር ኳስ ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያገባትን ቅጣት ምት አስታውሱ፤ ኳሷ ከሜዳ የምትወጣ መስላ ታጥፋ ገባች። ኳስ እየተሽከረከረች ስትበር አየሩ በአንድ ጎኗ በኩል ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። የብራውንም ኳስ ከጉቶውና ከተጣመመው ጣት ላይ ተንሸራታ ስትወጣ የተለየ ሽክርክሪት ይኖራታል። መቺው ፊት ስትደርስ ድንገት ትወርዳለች። ዱላው ቢነካት እንኳን ጫፏን ነው የሚነካው፤ ኳሷ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች። በዘመኑ ዝነኛ የነበረው መቺ ታይ ኮብ ከገጠሙት ውርወራዎች ሁሉ የከፋው የብራውን ጥምዝ ኳስ እንደሆነ መስክሯል።

ከዚህ በኋላ ያለው የደረጃ መሰላል ነው፤ ቶሎ ልለፈው። በ1901 ለቴር ሆት፣ በ1902 ለኦማሃ ከተጫወተ በኋላ በ1903 ሴንት ልዊስ ካርዲናልስ የተባለው ትልቅ ቡድን ወሰደው። ዕድሜው 26 ነበር፤ ለጀማሪ ትንሽ ዘግይቷል። ካርዲናልሶች ምን እንደያዙ አልገባቸውም መሰለኝ በዓመቱ ለቺካጎ ካብስ አሳልፈው ሰጡት። ካብስ በዚህ ሰው ተጠቀመ። ከ1906 እስከ 1911 በተከታታይ ስድስት ዓመት በየዓመቱ ከ20 ያላነሰ ጨዋታ አሸነፈ። በ1906 ብቻ 26 አሸንፎ የተሸነፈው 6 ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት በአንድ ሙሉ ጨዋታ በእሱ ላይ የተቆጠረው ነጥብ በአማካይ 1.04 ነበር፤ ይሄ ቁጥር ዛሬም ድረስ የቤዝቦል አፍቃሪዎች የሚደነቁበት ነው።

ትልቁ ቀኑ ኦክቶበር 8 ቀን 1908 ነው። ካብስና ኒው ዮርክ ጃይንትስ እኩል ሆነው ውድድሩን ስለጨረሱ አንድ የመለያ ጨዋታ በኒው ዮርክ ተደረገ። ሜዳው ሞልቶ ሕዝቡ አጥር ላይና ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የጃይንትስ ወርዋሪ ክሪስቲ ማቲውሰን ነው፤ የተማረ፣ ቁመናው ያማረ፣ አሜሪካ በሙሉ የሚወደው ሰው። ካብስ ያሰለፈው ሌላ ወርዋሪ ገና በመጀመሪያው ዙር ሲወላገድ ብራውን ተተክቶ ገባና ካብስ 4 ለ 2 አሸነፈ። ከዚያ ወደ ፍጻሜው ሄደው የታይ ኮብን ዲትሮይት ታይገርስን ረቱ። በዚያ ፍጻሜም ብራውን ሁለት ጨዋታ አሸነፈ። ካብስ ከዚያ ወዲያ ዋንጫ ለማንሳት 108 ዓመት ፈጅቶበታል፤ ያገኘው በ2016 ነው። እንግዲህ ለ108 ዓመት ቺካጎዎች ስለ መጨረሻው ዋንጫቸው ባወሩ ቁጥር ያ እጅ ይነሳ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋዜጣው ልመለስ። ብራውን ዝነኛ ሲሆን የእጁ ፎቶግራፍ ዝነኛ ሆነ። ኳስ ይዞ፣ ጉቶው በደንብ እንዲታይ ተደርጎ የተነሳቸው ፎቶዎች እስከ ዛሬ አሉ። ታሪኩም ቀስ በቀስ እንዲህ የሚል መልክ ያዘ፦ ማሽኑ ጣቱን ቆረጠው፣ የተቆረጠው ጣት ኳሷን አጠማዘዘ፣ ኳሷ ዝና አመጣች፣ ስለዚህ ማሽኑ ባለውለታው ነው። ይሄ አነጋገር አንባቢን ፈገግ ያሰኛል። ለብራውን ራሱ ግን ምን እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ጠቅሞህ ይሆን ወይ እያሉ ሲጠይቁት፣ በደህና እጅ ወርውሮ ስለማያውቅ ማነጻጸር እንደማይችል ይመልስ እንደነበር ይነገራል። በእኔ አስተያየት ስለ እጁ ከተጻፈው ሁሉ ይሄ መልስ ይበልጣል። ምክንያቱም የጋዜጦቹ ታሪክ የሚቆመው ማንም ሊያውቀው በማይችለው ነገር ላይ ነው። በአምስቱም ጣቱ ቢወረውር ኖሮ ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር ወይስ የተሻለ? ማቲውሰን ጣቱ ሁሉ ደህና ነበር፤ እሱም ታላቅ ወርዋሪ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። መክተፊያ ማሽን ጣት የቆረጠው የሞርዴካይን ብቻ አይደለም። ከእነዚያ ልጆች መሃል ቤዝቦል ተጫዋች ስለሆነ ስሙን የምናውቀው እሱን ነው። ሌሎቹ በዚያው እጃቸው ሲያርሱ፣ ሲያልቡ፣ ከሰል ሲቆፍሩ ኖረው ሞቱ። ፎቶግራፍም ቅጽል ስምም አላወጣላቸውም።

ማሽኖቹም እየተሻሻሉ ሲሄዱ አደጋው ዓይነቱን ቀየረ እንጂ አልቀረም። የትራክተር ሞተር ከኋላው ለተቀጠለ ማሽን ጉልበት የሚያስተላልፍበት የሚሽከረከር ዘንግ አለ። የተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር ነው፤ በሰከንድ 9 ጊዜ መሆኑ ነው። የሸሚዝ እጅጌ ወይም የጓንት ክር ከጠቀለለ ሰው ድንግጥ ሳይል ክንዱ ሄዷል። በቆሎ መልቀሚያ ማሽን አሜሪካ ውስጥ በተስፋፋ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ አገዳ ሲሰነቀር ገበሬው ማሽኑን ሳያጠፋ በእጁ ሊያወጣ ይሞክራል፣ አገዳው ድንገት ሲለቀቅ ጥቅል ብረቱ ከእጁ ፍጥነት በልጦ አብሮ ይስበዋል። ሰው ልቀቅ ብሎ ራሱን እስኪያዝ ድረስ ጊዜው አልፏል። ይሄ የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። መኸር ላይ ዝናብ እያስፈራራ ማሽን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ አጽድቶ እንደገና ማስነሳት ጊዜ ይበላል። ገበሬ ደግሞ ጊዜ ሲያጥረው በእጁ ይከፍላል።

የአሜሪካ መንግሥት በእርሻ ማሽኖች የሚሽከረከር ክፍል ላይ ሽፋን እንዲደረግ ደንብ ያወጣው በ1976 ነው። አስተውላችሁ ከሆነ ሴንቴኒያል ከተወለደ ልክ መቶ ዓመቱ! በዚያው በ1976 ግን ምክር ቤቱ 10 እና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያላቸው እርሻዎች ላይ ደንቡን የሚያስከብረው መሥሪያ ቤት ገንዘብ እንዳያወጣ ከለከለ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ይሏል እንዲህ ነው። ልጅን በተመለከተ ደግሞ በ1938 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግና ተከታዮቹ ደንቦች ልጆችን ከአደገኛ የእርሻ ሥራ ሲከለክሉ፣ በራሱ ወላጆች እርሻ ላይ የሚሠራውን ልጅ አይነኩም። ማለትም ሞርዴካይ ዛሬ ቢወለድና በአባቱ ጎተራ ውስጥ ቢሠራ በዚህ ሕግ ዓይን የተጣሰ ነገር የለም።

ሕንድ ውስጥ የሆነው ደግሞ ለእኛ ይቀርባል። የስንዴ ምርት ሲያድግ በሞተር የሚሠራ መውቂያ ማሽን በየመንደሩ ገባ፤ ነዶ በእጅ እየገፉ የሚያስገቡት ሰዎች እጃቸውን ያጡ ጀመር። መንግሥት በ1983 ስለ አደገኛ ማሽኖች ሕግ አወጣና ማሽኑ የሚሠራበትን ሁኔታ ወሰነ፣ ለተጎዳም ካሳ እንዲከፈል ደነገገ። የመኖ መክተፊያው፣ ያው የሞርዴካይ ማሽን፣ እዚያ እስካሁን በየገበሬው ግቢ አለ። በእሱም ጣታቸውን የሚያጡት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

እኛ አገር ለብዙ ዘመን የገበሬን ጣት ስትቆርጥ የኖረችው ማጭድ ነች። አጨዳ ያየ ሰው ያውቃል፤ ግራ እጅ ጭብጡን ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ማጭዱን ይስባል፤ ስለዚህ ጠባሳው ያለው የግራ እጅ ጣቶች ላይ ነው። ማጭድ ግን የሚቆመው ሰው ሲያቆመው ነው። አሁን በየገጠሩ በኪራይ እየዞሩ የሚወቁ ማሽኖች በዝተዋል፤ ነዶው በእጅ እየተገፋ ነው የሚገባው። ልጆችም ዙሪያቸውን ቆመው ያግዛሉ። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2025 ባወጡት ዘገባ በዓለም ላይ 138 ሚሊዮን ልጆች በጉልበት ሥራ ላይ እንዳሉና ከእነዚህም 61 ከመቶ ያህሉ በግብርና ውስጥ እንደሚገኙ ገልጸዋል። ፋብሪካና ማዕድን ስንል እርሻን እንረሳዋለን፤ እርሻ ቤት ስለሚመስለን ይሆናል።

ብራውን ወደ መጨረሻው ሲመጣ ዕድሜው ገፍቶ፣ ጉልበቱም ደክሞ ከቡድን ቡድን ተንከራተተ። በ1913 ሲንሲናቲ፣ ቀጥሎ ፌደራል ሊግ በሚባለው አዲስ ውድድር በሴንት ልዊስ፣ በብሩክሊንና በቺካጎ ቡድኖች ተጫወተ። በ1916 ወደ ቀድሞ ቡድኑ ወደ ካብስ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 4 ቀን ከማቲውሰን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ተገናኙ። ማቲውሰን በዚያን ጊዜ የሲንሲናቲ አሰልጣኝ ሆኖ ነበር፤ ለአንድ ቀን ወርዋሪ ሆኖ ተሰለፈ። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ነጥቡ እንደ ድሮው አንድና ሁለት አልነበረም፣ 10 ለ 8 ሆኖ ሲንሲናቲ አሸነፈ። ሁለቱም ከዚያ ወዲያ በትልቁ ሊግ አልወረወሩም። ብራውን በትልልቅ ሊጎች በጠቅላላው 239 ጊዜ አሸንፎ 130 ጊዜ ተሸነፈ።

ከዚያ በትንንሽ ሊጎች ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ወደ ትውልድ አካባቢው ተመልሶ ቴር ሆት ከተማ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ከፈተ። ከ1920 እስከ 1945 ድረስ፣ ሃያ አምስት ዓመት ማለት ነው፣ ማደያውን ይዞ ኖረ። የከተማው ሰው ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ሳይሆን ወሬ ለመስማትም ይመጣ ነበር። ዝነኛው እጅ በመጨረሻ የቤንዚን ቱቦ ያዘ። ይህን ያነሳሁት ለማሳዘን አይደለም፤ ሰውዬው በሥራው ይኮራ የነበረ ይመስለኛል። ግን ከእርሻ ወደ ማዕድን፣ ከማዕድን ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ማደያ ሲሄድ ምንጊዜም ያኖረው ያ እጅ መሆኑ ይገርመኛል። እጁ ተጎድቷል ተብሎ አንድ ቀን እንኳን ጡረታ አልወጣለትም።

ሞርዴካይ ብራውን ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1948 ቴር ሆት ውስጥ በ71 ዓመቱ ሞተ። በቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ስሙ የገባው በዓመቱ በ1949 ነው፤ ሳያየው ቀረ። እዚያ የተሰቀለለት ነሐስ ላይ ሁለቱም ቅጽል ስሞቹ፣ ባለ ሦስት ጣቱም ማዕድን ቆፋሪውም፣ ተቀርጸዋል። በ1994 ደግሞ በተወለደባት በናይስቪል፣ የእርሻ መሬት ላይ ጥቁር ድንጋይ ቆመለት።